ድሮኑ ከመነሣቱ በፊት ሊቀ መንበሩ ይጠይቅ

ከግብርና ኤክስቴንሽን ዘጋቢያችን፣ መልካ ጀብዱ

ባለፈው በጋ በመልካ ጀብዱ ዙሪያ ከሚገኙት የመስኖ ማሳዎች በአንዱ ዳር ሆኜ የተመለከትኩት አደጋ፣ አደጋ ለመባል እንኳ ትንሽ ነው። የሞተ ሰው የለም፤ የጠፋ ከብትም የለም። ዳሩ ግን የነገሩ አመጣጥ ትንሽ ባለመሆኑ ለገበሬ ማኅበራት መሪዎች በዚህ ዓምድ ማቅረቡ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል።

አንድ የቅየሳ ድርጅት ሁለት ወጣት ቀያሾችን ልኮ አዲስ ቦይ የሚቀደድበትን መሬት በድሮን ፎቶግራፍ ያስነሣ ነበር። ድሮኑ አራት ፕሮፔለር ያለውና ከሆዱ ሥር ካሜራ የታሰረበት ነጭ መሣሪያ ነው። እያጓራ ተነሥቶ፣ እንደሚያርስ በሬ ከዳር ዳር እየተመላለሰ ሃያ ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ ባትሪው ስለተዳከመ ማንም ሳያዘው ወደተነሣበት ቦታ መመለስ ጀመረ። በመካከሉ አንድ ትልቅ ግራር ነበር። ቀያሾቹ ዛፉን ከጠዋት ጀምሮ ያዩታል፤ ድሮኑ ግን አላየውም። ቅርንጫፉን መትቶ እየተሽከረከረ ሁለት ልጆች ፍየል ከሚጠብቁበት ሥፍራ ወደቀ። ታናሽየው ልጅ እንደ ወደቀ ወፍ ሊያነሣው ሮጦ ሲይዘው አንደኛው ፕሮፔለር ገና ይዞር ስለነበር ሁለት ጣቶቹን ተለተለው። ጥቂት ቆይቶም ከባትሪው ጭስ ይወጣ ጀመር። ልጁ ወደ ጤና ጣቢያ ተወስዶ ቁስሉ ተሰፍቶለታል፤ ዛሬ ደህና ነው።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር በሥፍራው ደርሰው ፈቃድ ቢጠይቁ ቀያሾቹ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አወጡ። ደብዳቤው መሬቱ እንዲለካ ትብብር ይደረግላቸው የሚል ነው። ስለ በረራ አንዲት ቃል የለበትም። ይህንኑ ለሊቀ መንበሩ ባመለክታቸው፣ «ልጄ፣ ጠዋትም ይህንኑ ደብዳቤ አሳይተውኛል። ማኅተሙን አይቼ እለፉ አልኳቸው። ሌላ ምን መጠየቅ ነበረብኝ?» አሉኝ።

የዚያን ዕለት በቂ መልስ አልሰጠኋቸውም። በኮሌጅ ስለ አፈር፣ ስለ ዘርና ስለ ተባይ ተምሬአለሁ፤ ስለሚበር የቅየሳ መሣሪያ ግን ያስተማረኝ አልነበረም። ከዚያ በኋላ አንብቤና ጠይቄ የደረስኩበትን ነው ዛሬ የማቀርበው።

በመጀመሪያ ደረጃ አንድ ነገር ግልጽ መሆን ይኖርበታል። የቅየሳ ድሮን የገበሬው ጠላት አይደለም። ሦስት ቀያሾች ገመድና ሜትር ይዘው ሳምንት የሚፈጅባቸውን መሬት በአንድ ጠዋት ያነሣል። በሁለተኛ ደረጃ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ሥራ የማሳ ወሰን ከላይ በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ እየተሰመረ ስንቱን የድንበር ክርክር እንዳቀለለ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሞልቶ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰው ያለቀበትን ሌሊት የሚያስታውስ ሁሉ፣ የውሃ መውረጃዎችን ከላይ እያዩ አስቀድሞ መለካት ምን ያህል እንደሚጠቅም አይጠፋውም። መልካ ጀብዱም ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተሠራባት፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነው ነፃ የንግድ ቀጣና ከተመረቀባት ወዲህ ቀያሽ የማይታጣባት ሥፍራ ሆናለች። ስለዚህ ድሮኑ ይመጣል፤ መምጣቱም አይጠላም። የምንነጋገረው በማን ራስ ላይ፣ በምን ጥንቃቄ ይብረር በሚለው ነው።

ለመልካ ጀብዱ ከሁሉ የሚቀድመው ጉዳይ አውሮፕላን ማረፊያው ነው። የድሬዳዋ አባ ተና ደጃዝማች ይልማ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከዚህ የሚርቀው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። መንገደኛ የሞላው አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል ዝቅ ብሎ፣ ፍጥነቱን ቀንሶ፣ አብራሪውም ሙሉ ሐሳቡን መሬት ላይ ጥሎ ነው። በዚያች ሰዓት ከፊቱ የሚገጥመው ነገር ትንሽ ነው ተብሎ አይናቅም። በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ ማብቂያ ላይ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ይመጣ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲቃረብ ከአንበጣ መንጋ ጋር ተገናኘ። አንበጣው የፊት መስታወቱን ሸፈነው፤ ሞተሩና አፍንጫውም አልቀረለትም። መስታወቱ በመጥረጊያ አልጸዳ ስላለ አብራሪዎቹ ድሬዳዋን ትተው አዲስ አበባ በሰላም አረፉ። ይህን ያደረገው አንበጣ ነው፤ አጥንት እንኳ የሌለው ፍጡር።

ከዚያ የከፋውንም አይተናል። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ ቦይንግ 737 አውሮፕላን ገና ከመነሣቱ የርግብ መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ገባበት። ሞተሮቹ ኃይል አጥተው አውሮፕላኑ በሆዱ ለማረፍ ተገደደ፤ እሳትም ተነሣ። ከ104 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 35ቱ ሞቱ። አንዲት ርግብ ግማሽ ኪሎ አትሞላም፤ ሥጋና ላባም ነች። ለቅየሳ ከሚያገለግሉት ድሮኖች መካከል አነስተኞቹ አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናሉ። ትልልቆቹ፣ ለምሳሌ ማትሪስ 300 የሚባለው፣ ካሜራው ሳይቆጠር ከነባትሪው 6 ኪሎ ያልፋል፤ ውስጡም ሞተር፣ ሽቦና ብረት ነው። የቅየሳ ድሮን የመንገደኛ አውሮፕላን ጥሎ አያውቅም የሚል ቢኖር እውነቱን ነው። የባሕር ዳሩ ርግብም ከመስከረም 5 በፊት በአገራችን እንዲህ ያለ ጥፋት ያደርሳል ብሎ የጠረጠረው ስንት ነበር?

ደግሞ ድሮንና አውሮፕላን መጋጨታቸው የታሰበ እንጂ የሆነ አይደለም የሚባልበት ጊዜ አልፏል። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በካናዳ፣ ቶሮንቶ አጠገብ፣ የፖሊስ ድሮን ለማረፍ ይወርድ ከነበረ አነስተኛ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ጋር ተጋጨ። በአውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት ወፍ የመታቸው መስሏቸው አረፉ። ወርደው ሲያዩ የሞተሩ መከለያ ተጨራምቷል፤ ፕሮፔለሩም ተጎድቷል። ድሮኑ ለቅየሳ ከሚሠራባቸው የማትሪስ ዓይነቶች አንዱ ነው። ያበረረው መንደርተኛ ሳይሆን የሠለጠነ ፖሊስ ነበር፤ ዓይኑ ግን በእጁ በያዘው ማሳያ ላይ ነበር። ሰማዩን እንዲጠብቅ አብሮት የተመደበው ሰው ደግሞ ሥራውን በቅጡ አልተማረም። ይህን በቃል ያዙልኝ፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

በጥር 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ከተማ ሰደድ እሳት ሲነድ አንድ ሰው እሳቱን ለማየት ድሮን አስነሣ። ከሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ልኮት ከዓይኑ ተሰወረበት። ድሮኑም ውሃ እየቀዳ እሳቱን የሚያጠፋ አውሮፕላን ክንፍ በሳ። ክብደቱ ሩብ ኪሎ የማይሞላ ድሮን ነው። አውሮፕላኑ በሰላም ቢያርፍም እስኪጠገን ድረስ እሳቱ እየነደደ ከሥራ ውጭ ሆነ። ሰውየው በኋላ ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱን አምኗል።

ይህን የጠቀስኩት የሩቅ አገር ወሬ ለማብዛት አይደለም። ምሥራቁ የአገራችን ክፍል የአንበጣ መተላለፊያ ነው። ከ2011 እስከ 2013 ዓ.ም. በደረሰው ወረራ ጊዜ መድኃኒት የሚረጩ አውሮፕላኖችና ሄሊኮፕተሮች ከዛፍ ጫፍ ብዙም ሳይርቁ ሲበሩ በዓይናችሁ አይታችኋል። ርጭት ዝቅ ካላለ ነፋስ ይወስደዋል። ስለዚህ የርጭት አብራሪና የቅየሳ ድሮን የሚገናኙት በአንድ ከፍታ ነው፤ በማሳ ላይ። የመንገደኛ አውሮፕላን ከማረፊያው ራቅ ሲል ከድሮኑ በላይ ነው። የርጭቱ አውሮፕላን ግን እናንተው ማሳ ላይ፣ እናንተው ጠርታችሁት የሚመጣ ነው። አንበጣ ታየ በተባለበት ሰሞን በአካባቢው አንድም የቅየሳ ድሮን መነሣት የለበትም ብዬ የማምነው ለዚህ ነው። ቦይ ሳምንት ቢዘገይ አይጎዳም። መንጋው ግን ቀጠሮ አይሰጥም።

አሁን ደግሞ ድሮኑ በራሱ ጊዜ እንዴት እንደሚወድቅ እንይ። ምክንያቱን ያወቀ መሪ ቀያሹን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ያውቃልና።

በማሳው ላይ ያየሁት ዓይነት አደጋ ምንጩ ይህ ነው። ድሮን ባትሪው ሲደክም ወይም ከመቆጣጠሪያው ጋር መገናኘት ሲያቅተው በራሱ እንዲመለስ ተደርጎ የተሠራ ነው። ሲመለስ በስንት ሜትር ከፍታ እንዲመጣ አስቀድሞ የሚወስንለት ሰው ነው። ከዛፉ፣ ከምሰሶው፣ ከስልክ ማማው በታች ከተወሰነለት በቀጥታ መጥቶ ይላተማል። ከዚህ ጋር የሚዛመደው የኮረብታ ጉዳይ ነው። አብዛኛው ድሮን ከፍታውን የሚለካው ከተነሣበት ቦታ ነው። መልካ ጀብዱ ሜዳ ላይ አንድ መቶ ሜትር ተብሎ የተነሣ ድሮን ወደ ደቡብ፣ ወደ ተራራው ሲሄድ መሬቱ ከሥሩ ከፍ እያለ ይመጣበታል። የቦታውን አቀማመጥ ያላጠና ቀያሽ መቶ ሜትር ላይ ነው እያለ ድሮኑ የደጋውን ማሽላ ሊያጭድ ይደርሳል።

ሽቦ ሌላው ነው። ቀጭን ሽቦ በድሮን ካሜራ አይታይም ማለት ይቻላል። በእኛ በኩል ደግሞ የአዲስ አበባ ጅቡቲ የባቡር መስመር 25 ሺህ ቮልት ተሸክሞ ያልፋል። ድሮን በዚህ መስመር ላይ ቢንጠለጠል ከድሮኑ ይልቅ የሚያሠጋኝ በእንጨት ሊያወርደው የሚሞክረው ጎረምሳ ነው። ማንም ሰው እንዳይጠጋ አድርጎ ለባቡሩ ድርጅት ማስታወቅ እንጂ ሌላ መፍትሔ የለውም።

ሙቀቱን እኛው እናውቀዋለን። ብዙዎቹ የቅየሳ ድሮኖች ከ40 ዲግሪ በላይ እንዳይሠራባቸው ፋብሪካው ራሱ ያስጠነቅቃል። የጋለ አየር ስስ ነው፤ ፕሮፔለሩ ይበልጥ መልፋት፣ ባትሪውም ቶሎ ማለቅ ግድ ይሆንበታል። ቀያሾች ባትሪውን በመኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ትተውት ከቀትር በኋላ ሲያስነሡ አይቻለሁ። በ2011 ዓ.ም. የዓለም ትልቁ የድሮን ፋብሪካ ዲጄአይ ራሱ ለሙያ ሥራ የሚያገለግሉት የማትሪስ 200 ዓይነቶች ባትሪ ገና ኃይል አለኝ እያለ በድንገት ሊጠፋ እንደሚችል ለደንበኞቹ ለማስጠንቀቅ ተገዷል። ነፋስም እንዲሁ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአውስትራሊያ ሜልበርን ከተማ ለትርኢት ከተነሡት 500 ድሮኖች 427ቱ ነፋሱ ከአቅማቸው በላይ ስለሆነባቸው ውሃ ውስጥ ወድቀዋል። በእኛ አገር አቧራ የሚያስነሣው የቀትር በኋላ ነፋስ እንኳንስ ድሮን ጣሪያም ይገለብጣል። ስለዚህ ቅየሳ በጠዋት ይሁን፤ ለፎቶግራፉ ጥራትም የሚጎዳው ነገር የለም።

ወደ ሰውና ወደ ከብት ስንመጣ፣ እኔ ካየሁት የልጅ ጣት የባሰ ደርሷል። በ2008 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር አንድ ድሮን ዛፍ ነክቶ ሲሽከረከር የአንድ ዓመት ከመንፈቅ ሕፃን አንድ ዓይኑን አጥቷል። ያበረረው ጎረቤት ልምድ የነበረው ሰው ነው። ልጅ ወደ ድሮን ይሮጣል፤ ይህን ማንም ሊለውጠው አይችልም። ግመልና ከብት ደግሞ ይሸሻሉ። የደነበረ የግመል መንጋ ወደ አስፋልቱ ወይም ወደ ባቡሩ መስመር ቢወጣ የሚደርሰውን ለመልካ ጀብዱ ሰው መንገር አያስፈልግም።

አንድ ነገር በጥንቃቄ ላንሣ። በአገራችን ብዙው ሰው ድሮን የሚለውን ቃል የሰማው ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ከጦርነት ወሬ ጋር ነው። በጦርነቱ የተጎዳ ዘመድ ያለው፣ ወይም ከዚያ ሸሽቶ የመጣ ሰው ከራሱ በላይ የሚያጓራውን ነገር ሲሰማ የቅየሳ ይሁን የሌላ ለይቶ አያውቅም። እናት ልጇን አዝላ ትሮጣለች፤ ጠመንጃ ያለውም ይተኩሳል። የተተኮሰው ጥይት የት እንደሚወድቅ የሚያውቅ የለም። ይህ አደጋ በማናቸውም የፋብሪካ መመሪያ ላይ አልተጻፈም። መከላከያው ግን በጣም ርካሽ ነው፤ ከአንድ ቀን በፊት ሕዝቡን መንገር። በገበያ፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ በዕድር። ይህን ከእናንተ በቀር ሊሠራው የሚችል የለም።

እንግዲህ ወደ ሊቀ መንበሩ ጥያቄ ልመለስ።

መጀመሪያ የሚጠየቀው የበረራ ፈቃድ ነው። ድሮን ወደ አገር ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። የአየር ክልሉን ደኅንነት የሚቆጣጠረው ደግሞ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። የወረዳም ሆነ የፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት የሚሰጠው የትብብር ደብዳቤ መሬት ላይ ለመቆም እንጂ ወደ ሰማይ ለመውጣት አይበቃም። መልካ ጀብዱን በመሰለ ሥፍራ ደግሞ «አውሮፕላን ማረፊያው ያውቃል ወይ? ለማን፣ በስንት ሰዓት ነገራችሁ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ቀያሹ መልስ ካለው በደቂቃ ይመልሳል። ከሌለው ሥራው አልተሰናዳም ማለት ነው።

ቀጥሎ የካናዳውን ነገር አስታውሱ። ድሮን የሚያበረው ዓይኑ ማሳያው ላይ ስለሆነ ሰማዩንና መሬቱን ብቻ የሚጠብቅ ሌላ ሰው መኖር አለበት። ሁለተኛው ሰው ባትሪ የሚቀይር፣ ስልክ የሚያወራ፣ ሻይ የሚያፈላ ከሆነ የለም ይቆጠራል። እኔ ባየሁት አደጋ ቀን ሁለተኛው ቀያሽ በመኪናው ጥላ ሥር ሆኖ ኮምፒውተር ይነካካ ነበር። ማኅበሩም ከራሱ አንድ ሁለት ወጣት መድቦ ልጆችንና ከብቶችን ከመነሻው ቦታና ድሮኑ ከሚመላለስበት መስመር ሥር ቢያርቅ ለራሱ ነው። የዕለት አበላቸውን ድርጅቱ ይክፈል።

ከወደቀ በኋላስ? ማንም አይንካው። ፕሮፔለሩ የቆመ መስሎ ሊነሣ ይችላል። ባትሪው ከተጨፈለቀ ወይም ካበጠ ወዲያውኑ ሳይሆን ከደቂቃዎች በኋላ ሊነድ ይችላል፤ ጭሱም መርዛም ነው። ሣርና ክምር በአጠገቡ ካለ ማራቅ፣ አሸዋ ማልበስ፣ ሰውንም ከነፋሱ በላይ በኩል ማቆም ይበቃል። የተሰበረውን ዕቃ ቀያሹ ራሱ ያንሣው።

ስለ ካሣ ደግሞ ብዙ መሪዎች ያለ አግባብ ያፍራሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የማሽን ባለቤት ማሽኑ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ድሮን ማሽን አይደለም የሚል ጠበቃ ካለ መስማት እፈልጋለሁ። ሆኖም ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት የድርጅቱን ሙሉ ስም፣ አድራሻ፣ የድሮኑን መለያ ቁጥርና ኢንሹራንስ ያለው መሆኑን ከመነሣቱ አስቀድሞ በማኅበሩ መዝገብ ማስፈር ይሻላል። የልጁ አባት ለጤና ጣቢያ ያወጡትን ገንዘብ ለመጠየቅ ቢነሡ የድርጅቱን ስም በትክክል የሚያውቅ ሰው በመንደሩ አልተገኘም። ደብዳቤው ከቀያሾቹ ጋር ተመልሶ ሄዷል።

ይህን ያህል ጥያቄ ከበዛ ልማት ይጓተታል የሚሉ አሉ። በጽሕፈት ቤት ያሉ አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼም እንዲህ ብለውኛል፤ ቅር አልተሰኘሁም። ግን ያስላሉ ወይ? ይህ ሁሉ ጥያቄ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። በዚያ ቀን በግራሩ ምክንያት ድሮኑ ተሰበረ፣ የግማሽ መሬቱ ፎቶግራፍ ጠፋ፣ ቀያሾቹም ሥራውን ሳይጨርሱ ሄዱ። ቦዩን ይጠብቅ የነበረ ገበሬ ወቅቱ አመለጠው። ያጓተተው ጥያቄ ነው ወይስ አለመጠየቅ? ከድርጅቶቹም በኩል መናገር ያለበት አለ። ድሮን አብራሪ የሚባለው ወጣት ብዙ ጊዜ ከእኔ በዕድሜ የማይበልጥ፣ ብዙ ሄክታር በአንድ ቀን ጨርስ ተብሎ የተላከ ነው። «ነፋሱ በዝቷል፣ ነገ ጠዋት ተመለሱ» የሚል ሊቀ መንበር ቢያገኝ ለአለቃው የሚናገረው በቂ ምክንያት ያገኛል። ከመካከላቸው አንዱ ይህንኑ በፈገግታ ነግሮኛል።

በዚያ ማሳ ላይ የቦዩ ልኬታ ገና አላለቀም። ድርጅቱ ሌላ ድሮን ይዞ እንደሚመለስ አስታውቋል። ሊቀ መንበሩ እዚህ ላይ ያሰፈርኳቸውን ጥያቄዎች በአንድ ገጽ አስጽፈው በቃለ ጉባኤ መዝገቡ ውስጥ አስቀምጠዋል። ግራሩ ይቆረጥ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ የፍየል እረኞቹ ጥላ ስለሆነ ጉባኤው አልተቀበለውም።